ስብርባሪ እንደ ሰነድ፦ የአውሮፕላን አደጋ ቅሪት በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ

በድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ አዳራሽ ለተማሪዎችና ለመምህራን የቀረበ ሕዝባዊ ገለጻ፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ



ገለጻው በዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ሳይሆን በዚህ ፓርክ እንዲሆን የጠየቅሁት እኔ ነኝ፤ ምክንያቱን አስቀድሜ ልናገር። በልብስ ስፌት ፋብሪካዎች ዘንድ በብዙ አገር የሚሠራበት አንድ ጥብቅ ደንብ አለ። የስፌት መኪና መርፌ በሥራ ላይ እያለ ቢሰበር ሥራው ይቆማል። ስባሪው ሁሉ ይለቀማል፤ ቁርጥራጮቹ በመዝገብ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ተለጥፈው የመርፌውን ሙሉ ቁመት መስጠታቸው ይረጋገጣል። አንዲት ጫፍ እንኳ ከጎደለች ፍለጋው ይቀጥላል፤ ልብሱም በብረት መፈለጊያ ይፈተሻል። ደንቡ ሠራተኛዋን ለመቅጣት የወጣ አይደለም። የጎደለችው ጫፍ በሕፃን ልብስ ውስጥ ተደብቃ፣ ባሕር ተሻግራ፣ ሰው እንዳትወጋ ነው።

የአውሮፕላን አደጋ ምርመራ በመሠረቱ ከዚህ ደንብ የተለየ ነገር አይደለም። የተሰበረው ይለቀማል፤ በቦታው ተመዝግቦ ጎን ለጎን ይደረደራል፤ የጎደለው ይፈለጋል። ሆኖም እኔ የታሪክ ሰው ነኝና ጉዳዩን የማየው በመሐንዲስ ዓይን ብቻ አይደለም። የታሪክ ጸሐፊ ሥራው ሰነድ ማንበብ ነው፤ ለእኔም የወደቀ አውሮፕላን ስብርባሪ ሰነድ ነው። እንደ ማንኛውም ሰነድ ሁሉ ጸሐፊ፣ ጠባቂና አንባቢ አለው። ዛሬ ላሳያችሁ የምሻው ይህንን ነው፦ ስብርባሪ እንዴት እንደሚጻፍ፣ ማን እንደሚጠብቀው፣ ማንስ እንደሚያነበው፤ በእኛ አገር ታሪክ ውስጥም ይህ ጥያቄ ምን ያህል ዋጋ እንዳስከፈለ።

የአገራችንን አደጋዎች በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ የውጭዎቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

ከሐዲድ ወደ ሰማይ

ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ባይደርስ ኖሮ ከተማይቱ በዚህ ቦታ አትቆረቆርም ነበር። ዛሬም ይህ ፓርክ፣ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የሀገሪቱ የመጀመሪያው ነፃ የንግድ ቀጠና የተከፈተበት ሥፍራ፣ ተስፋውን የጣለው በአዲሱ ሐዲድ ላይ ነው። ስለ አውሮፕላን ለመናገር መጥቼ ስለ ባቡር የምናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። የተሰበረን ብረት የማንበብ ጥበብ የተወለደው ከሐዲድ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በግንቦት 1842 በፈረንሳይ፣ ከቬርሳይ ወደ ፓሪስ ይመለስ የነበረ ባቡር የመሪው ሎኮሞቲቭ የመንኰራኵር አክስል ተሰብሮ ከሐዲድ ወጣ፤ ፉርጎዎቹ ተደራርበው በእሳት ተያያዙ፤ ብዙ ሰው አለቀ። የዘመኑን መሐንዲሶች ግራ ያጋባው ነገር አክስሉ ከአቅሙ በላይ የሆነ ጭነት ሳይደርስበት መሰበሩ ነበር። ትናንት የተሸከመውን ያንኑ ጭነት ዛሬ ለምን አቃተው? መልሱ ቀስ በቀስ መጣ። አውጉስት ቮለር የተባለ ጀርመናዊ የባቡር መሐንዲስ በዚያው ምዕተ ዓመት አጋማሽ አክስሎችን ደጋግሞ እያዞረ እያጎበጠ በመፈተን አንድ ነገር አረጋገጠ፦ ብረት በአንድ ጊዜ የሚችለውን ጭነት ሺህ ጊዜ፣ ሚሊዮን ጊዜ ሲደጋገምበት ሊሸነፍ ይችላል። ይህ ባሕርይ የብረት ዝለት ይባላል።

ዝለት ምልክቱን ትቶ ይሄዳል። ቀስ በቀስ የተሰነጠቀ ብረት በስብራቱ ገጽ ላይ ውሃው እየሸሸ የሄደ ሐይቅ በዳርቻው ላይ የሚተወውን ዓይነት ተከታታይ ቀለበት ይተዋል። በአንድ ምት የተሰበረ ብረት ግን ገጹ ሻካራ ነው፤ ቀለበት የለውም፤ ብዙ ጊዜም ከመሰበሩ በፊት ተስቦ ወይም ጎብጦ ይገኛል። ስለዚህ አንድ መርማሪ ስባሪ ሲያነሣ የመጀመሪያ ጥያቄው፣ ይህ ቁራጭ ከመውደቁ በፊት ተሰብሮ ነበርን ወይስ በመውደቁ ተሰበረ? የሚል ነው። አንዱ መንሥኤ ነው፤ ሌላው ውጤት። የታሪክ ተማሪዎች ይህን ልዩነት ከእኛ ትምህርት ክፍል ታውቁታላችሁ፤ መንሥኤንና ውጤትን ማደባለቅ የሙያችን ትልቁ ኃጢአት ነውና።

ሐዲድ ለዚህች ከተማ ያስተማራት ሌላም ነገር አለ። በጥር 1977 ዓ.ም. በአዋሽ አጠገብ ባቡር በኩርባ ላይ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ሄዶ ወደ ገደል በገባ ጊዜ ከ400 በላይ ሰዎች አልቀዋል። በአፍሪካ ከታዩት የባቡር አደጋዎች ሁሉ እጅግ የከፋው ነው። በዚያ አደጋ ሐዲዱንም ሠረገላውንም የከዳው ዝለት አልነበረም፤ ፍጥነት ነበር። ፍጥነት የዛሬው ታሪካችን ሁለተኛ ጸሐፊ ነው። አንድ ተንቀሳቃሽ አካል የሚሸከመው ጉልበት በፍጥነቱ ካሬ ያድጋል፤ ፍጥነቱ ሦስት እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ ዘጠኝ እጥፍ ይሆናል። ያ ጉልበት በግጭት ጊዜ የሚሄድበት ይፈልጋል፤ የሚሄደውም ብረትን በማጠፍ፣ በመቅደድ፣ በመበተን ነው።

የመጀመሪያዪቱ ስብርባሪ

በአገራችን ሰማይ አውሮፕላን የታየው በ1921 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ፣ አንድሬ ማዬ የተባለ ፈረንሳዊ ፖቴዝ 25 አውሮፕላን እያበረረ አዲስ አበባ በገባ ጊዜ ነው። ብዙ ሳይቆይ ደግሞ ስመ ጥሩው የመጀመሪያ አደጋችን ደረሰ። በጥቅምት 1923 ዓ.ም.፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሥርዓተ ንግሥ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ በትሪኒዳድ ተወልዶ በኒው ዮርክ ሃርለም ስሙ የገነነው ሁበርት ጁሊያን የንጉሠ ነገሥቱን ተወዳጅ ጂፕሲ ሞዝ አውሮፕላን ለበዓሉ ልምምድ አስነሥቶ ከሰከሳት።

ጁሊያን ከአደጋው በሕይወት ወጣ፤ ለዚህም ምክንያቱ ከዕድል ይልቅ ተፈጥሮ ነው። ሞዝ ክብደቷ ከአንድ ቶን በታች የሆነ፣ ክንፎቿ በእንጨት ቆመው ጨርቅ የለበሱ ትንሽ አውሮፕላን ነበረች። ፍጥነቷም ዝቅተኛ ነው። እንዲህ ያለች አውሮፕላን ስትወድቅ እንጨቷ እየተሰባበረ ጉልበቱን ይውጣል፤ ስብርባሪዋም በወደቀችበት ቦታ ተከምሮ ይቀራል። ቅሪቷ ግን በዚያን ጊዜ ሰነድ አልሆነም፤ ያነበበው ሰው አልነበረምና። የተነበበው አብራሪው ነበር። ጁሊያን በቁጣ ከፊት ተነሥቶ አገር ለቅቆ ሄደ፤ ነገሩም በዚህ ተዘጋ። ሰውን ማንበብና ብረትን አለማንበብ በዚያ ዘመን በሌላውም ዓለም የተለመደ ነበር። ይህ ልማድ ለመለወጥ ከሃያ ዓመት በላይ ፈጅቷል፤ ፈጽሞ ተለውጧል ለማለት ግን እኔ አልደፍርም።

ከባሕር ወለል የተነበበ ታሪክ

ልማዱን የለወጠው የኮሜት ታሪክ ነው። ኮሜት በእንግሊዝ የተሠራ፣ በዓለም የመጀመሪያው መንገደኛ አመላላሽ ጄት ነበር። እ.ኤ.አ. ጥር 10 ቀን 1954 አንዱ ኮሜት ከሮም ተነሥቶ በኤልባ ደሴት አጠገብ ባሕር ላይ ወደቀ፤ 35 ሰዎች ሞቱ። ሚያዝያ 8 ቀን ሌላው በኔፕልስ አጠገብ ከ21 ሰዎች ጋር ጠፋ። ሁለቱም በመልካም አየር፣ ያለ ማስጠንቀቂያ፣ ከፍታ እየወጡ ሳለ ነው የተበተኑት።

የእንግሊዝ ባሕር ኃይል የኤልባውን ስብርባሪ ከባሕር ወለል ለቀመ። በፋርንቦሮ የምርምር ተቋም ቁራጮቹ እንደ ቀድሞ ቅርጻቸው ተደረደሩ። በሌላ በኩል አንድ ሙሉ ኮሜት በውሃ ገንዳ ውስጥ ተነክሮ፣ በየበረራው የሚደርስበት የአየር ግፊት በውሃ ግፊት ተመስሎ ደጋግሞ ይሰጠው ጀመር። ቀድሞ የበረራቸው ተደምረው ከ3,000 ጥቂት ከፍ ያሉ ዙሮች ሲሞሉ ገላው ተቀደደ። ስንጥቁ የተነሣው ከመስኮት መሰል ቀዳዳ ማዕዘን ነበር። ከባሕር የወጣው ስብርባሪም ጣሪያው ላይ ካለ ሌላ ቀዳዳ ማዕዘን የተነሣ የዝለት ስንጥቅ አሳየ። የቬርሳይ አክስል ቋንቋ እነሆ በሰማይ ላይም ተነገረ። አውሮፕላን ከፍ ባለ ቁጥር ገላው እንደ ፊኛ ይነፋል፤ ሲወርድ ይኮማተራል፤ እያንዳንዱ በረራም በብረቱ ላይ አንድ ዙር ይጽፋል።

የመስክ ንባብ

አሁን ወደ ስብርባሪው መስክ እንውረድ። ገበሬ በአውድማ ላይ ምርቱን በመንሽ ሲያነሣ ነፋሱ ገለባውን ያርቃል፤ ፍሬው ከእግሩ ሥር ይወድቃል። በአየር ላይ የተበተነ አውሮፕላንም እንዲሁ ነው። ሞተሩና የማረፊያ እግሩ ከባድ ናቸውና በያዙት ፍጥነት ወደ ፊት ተምዘግዝገው ይወድቃሉ። ስስ የገላ ቆርቆሮ፣ የጣሪያ ልባስ፣ ወረቀት ግን ነፋሱ ወደ መራቸው ይሄዳሉ። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 21 ቀን 1988 በስኮትላንድ ሎከርቢ ላይ በቦምብ የተበተነው የፓን አም 103 ስብርባሪ ከ2,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በሚበልጥ ምድር ላይ ተረጭቷል። 270 ሰዎች የሞቱበትን ወንጀል ወደ ፍርድ ቤት ያደረሰው ከዚያ ሁሉ መስክ የተለቀመ፣ ከጥፍር የማይበልጥ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ቁራጭ ነበር።

ከዚህም በላይ የቁራጮች ቅደም ተከተል ራሱ ይናገራል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1996 ከኒው ዮርክ ተነሥቶ በአትላንቲክ ላይ የተበተነውን ቲደብሊውኤ 800 ያስታውሷል። መርማሪዎቹ የባሕሩን ወለል በቀለም በተሰየሙ ሦስት ቀጠናዎች ከፈሉት። ለመነሻው አየር ማረፊያ ቅርብ በሆነው ቀጠና የተገኙት ከመካከለኛው የነዳጅ ጋን አካባቢ የተላቀቁ ክፍሎች ነበሩ፤ ቀጥሎ የፊት ገላው፤ በስተመጨረሻ ቀሪው። አስቀድሞ የወደቀ አስቀድሞ የተላቀቀ ነው። ነገሩ ሚሳይል ነው የሚለው ወሬ ዓለምን ባጥለቀለቀበት ጊዜ፣ ጋኑ ውስጥ የነበረው የነዳጅ ተን መፈንዳቱን የመሰከረው ይህ አወዳደቅና ዳግም የተገጣጠመው ገላ ነው።

ስለዚህ መርማሪ በመስክ ላይ መጀመሪያ የሚፈልገው አራቱን ዳር ነው፦ አፍንጫ፣ ጅራት፣ ሁለቱ የክንፍ ጫፎች። አራቱም በአንድ ቦታ ከተገኙ አውሮፕላኑ ምድርን የነካው ሙሉ ሆኖ ነው። አንዱ ኪሎ ሜትሮች ርቆ ከተገኘ ታሪኩ የተጀመረው በሰማይ ነው።

አራት የእኛ አደጋዎች

በዚህ ዓይን ከራሳችን ታሪክ አራት መስኮችን ልመልከት።

የመጀመሪያው ባሕር ዳር ነው። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ወደ አስመራ ለመብረር የተነሣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 የእርግብ መንጋ ሁለቱንም ሞተሮች አሳጣው። አብራሪዎቹ የማረፊያ እግር ሳያወርዱ አውሮፕላኑን በሜዳ ላይ በሆዱ አሳረፉት። ከ104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ፤ 69ኙ ተረፉ። በዝግታና በዝቅተኛ ማዕዘን የወረደ አውሮፕላን ጉልበቱን በረጅም መንገድ ላይ እየተፋተገ ይጨርሳል፤ ገላውም ሰው ሊወጣበት በሚችል መጠን ቅርጹን ይይዛል። ከዚያ በኋላ ገዳዩ ብዙ ጊዜ እሳት ነው።

ሁለተኛው ኮሞሮስ ነው። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ሦስት ጠላፊዎች የያዙት ቦይንግ 767 ነዳጁን ጨርሶ ሁለቱም ሞተሮች ጠፉ። ካፒቴን ልዑል አባተ አውሮፕላኑን በግራንድ ኮሞር ደሴት ዳርቻ፣ መታጠቢያ ሰዎች እያዩ፣ በውሃ ላይ አሳረፉት። የግራው ክንፍ ጫፍና የግራው ሞተር ቀድመው ውሃ ነኩ፤ አውሮፕላኑ ዞሮ ተሰባበረ። ውሃ በዚያ ፍጥነት ለብረት ውሃ አይደለም፤ ከጠጣር መሬት ብዙም አይለይም። ሆኖም ገላው የተሰበረው ወደ ትላልቅ ክፍሎች ነበር፤ ከ175 ሰዎች 50 የተረፉትም በዚህ ምክንያት ነው። 125ቱ ሞቱ፤ ከእነርሱም መካከል ገና ከውስጥ ሳሉ የሕይወት ጃኬታቸውን ነፍተው መውጣት ያልቻሉ ነበሩ። አንድ ጎብኚ የቀረጸው የዚያ ቀን ምስል አሁንም በዓለም ዙሪያ ለአብራሪዎችና ለመሐንዲሶች ማስተማሪያ ነው።

ሦስተኛው ቤሩት ነው። ጥር 17 ቀን 2002 ዓ.ም. ሌሊት፣ መብረቅና ዝናብ በሞላበት ሰማይ የተነሣው በረራ 409 አምስት ደቂቃ ሳይሞላው ከ90 ሰዎች ጋር ሜዲትራኒያን ውስጥ ገባ። ማንም አልተረፈም። እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ የሰነድ ጥበቃ ጥያቄ ራሱን የገለጠው በዚህ ነውና።

በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ስምምነት 13ኛ አባሪ መሠረት ምርመራውን የሚመራው አደጋው የደረሰበት አገር ነው። አባሪው የምርመራው ብቸኛ ዓላማ አደጋን መከላከል እንጂ ጥፋተኛን መፈለግ እንዳልሆነም ይደነግጋል። ስለዚህ ምርመራውን የመራችው ሊባኖስ ነበረች። እ.ኤ.አ. በጥር 2012 የወጣው የመጨረሻ ሪፖርት አብራሪዎቹ የአውሮፕላኑን ፍጥነት፣ ከፍታና አቅጣጫ መቆጣጠር አልቻሉም የሚል ድምዳሜ ሰጠ። የኢትዮጵያ ወገን አልተቀበለውም፤ አውሮፕላኑ በፍንዳታ ምክንያት ገና በአየር ላይ ሳለ ተበትኗል ሲል ተከራከረ። እኔ በዚህ መድረክ ዳኛ ሆኜ አልቆምም። ልብ እንድትሉልኝ የምሻው የክርክሩን ባሕርይ ነው። ከሰማይ ላይ ተበተነ ወይስ ሙሉ ሆኖ ውሃ ነካ? የሚለው ጥያቄ፣ ከላይ እንዳየነው፣ በስብርባሪው አወዳደቅና በስብራቱ ገጽ የሚነበብ ነው። ሰነዱ ግን በሌላ አገር ውሃ ውስጥ ነበር፤ ጠባቂውም አንባቢውም ሌላ ነበር። ስብርባሪ በወደቀበት ምድር ብዕሩም በዚያው ይወድቃል።

ቱሉ ፈራ

አራተኛው የሁላችሁም ትዝታ ነው። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. እሑድ ጠዋት፣ ከሁለት ሰዓት ተኩል ጥቂት አልፎ ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሣው በረራ 302፣ ቦይንግ 737 ማክስ 8፣ በስድስት ደቂቃ ውስጥ በጊምቢቹ ወረዳ ኤጀሬ አጠገብ፣ ቱሉ ፈራ በተባለ መንደር ማሳ ላይ ወደቀ። 157 ሰዎች ሞቱ።

የመጀመሪያው የምርመራ ሪፖርት መስኩን በቁጥር ገልጾታል። ጉድጓዱ 28 ሜትር ወርድ፣ 40 ሜትር ርዝመት ነበረው፤ የመጨረሻው የአውሮፕላን ክፍል የተገኘው ወደ 10 ሜትር ጥልቀት ላይ ነው። አብዛኛው ቅሪት የተቀበረው በዚያ ጉድጓድ ውስጥ ሲሆን፣ ጥቃቅን ቁራጮች በግምት 200 በ300 ሜትር በሆነ ሥፍራ ተበትነው ተገኝተዋል። ይህን ከሎከርቢ 2,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ጋር አነጻጽሩት። አውሮፕላኑ በሰማይ አልተበተነም፤ ሙሉ ሆኖ፣ አፍንጫውን ደፍቶ፣ በሰዓት ከ900 ኪሎ ሜትር በማያንስ ፍጥነት ምድርን መታ። ጠባብ መስክና ጥልቅ ጉድጓድ የሚሉት ይህንኑ ነው። ኮሞሮስ ላይ ውሃ ከነካው አውሮፕላን ጋር ስናስተያየው የፍጥነቱ ልዩነት በጉልበት ብዙ እጥፍ ነው፤ በዚያ ትላልቅ ክፍሎች ቀሩ፣ በዚህ ግን ሰው ሊያነሣው የሚችል ሙሉ ነገር እምብዛም አልቀረም።

ቦታውን ያየሁት ከጊዜ በኋላ ነው። ዙሪያው ማሳ ነው፤ ጸጥ ያለ ነው። ስለ አደጋው ያነበብሁት ሁሉ በቁጥር ነበርና ምድሪቱ ይህን ያህል ትንሽ መሆኗን ሳይ ደነገጥሁ። በዚያ ማሳ ላይ የቆሙ ቤተሰቦች የሚቀበር አካል አላገኙም። በአደጋው በሳምንቱ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል የ17 ኢትዮጵያውያን ሥርዓተ ቀብር ሲፈጸም ሣጥኖቹ ባዶ ነበሩ። ለቤተሰቦችም ከሥፍራው የተነሣ አፈር ተሰጥቷቸዋል። ስብርባሪ ሰነድ ነው ስል ይህን እንደማልዘነጋ እንድታውቁልኝ እፈልጋለሁ። የሰው ልጅ አካልና የአውሮፕላን ብረት በአንድ ጉድጓድ ተቀላቅለው ሳሉ፣ ለመርማሪ ማስረጃ የሆነው አፈር ለእናት መቃብር ነው። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ አንዱን ለሌላው መሠዋት አይገባም።

ያ አፈር ግን አንድ ነገር ሰጠ። ከጅራቱ የተገኘ ረጅም ጥርስ ያለው የብረት ብሎን ነበር፤ የጅራቱን አግድም ክንፍ የሚያነሣና የሚያወርድ፣ በአሠራሩ ከመኪና ጃክ ጋር የሚመሳሰል ብሎን። የዚህ ብሎን ጠቀሜታ በሚቆምበት ቦታ ነው። ኃይሉ ሲቋረጥ እንደ መቅጃ መርፌ በመጨረሻ በነበረበት ይቀራል። ያ ብሎን የቆመው አፍንጫን ወደ ታች በሚደፋ አቀማመጥ ነበር።

ቀኖቹን ልብ በሉ። ሁለቱ የበረራ መቅጃዎች መጋቢት 2 ቀን ተገኙ፤ ለንባብ የተላኩት ወደ ፓሪስ ነው። ቀድሞ የተጠየቀችው ጀርመን ለአዲሱ ሞዴል የሚሆን የንባብ ፕሮግራም እንደሌላት ገልጻ ነበር። የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን ማክስ አውሮፕላኖችን ያገደው መጋቢት 4 ቀን ነው፤ መቅጃዎቹ ገና ሳይነበቡ ማለት ነው። ለእገዳው የሰጠው ምክንያት ሁለት ነበር፦ የተጣራ የሳተላይት መረጃ፣ እንዲሁም አውሮፕላኑ ከተነሣ በኋላ ስለነበረው አቀማመጥ ከስብርባሪው የተገኘ አዲስ መረጃ። ሁለቱ ተደምረው ከአምስት ወር በፊት በኢንዶኔዥያ 189 ሰዎች ከሞቱበት የላየን ኤር አደጋ ጋር መመሳሰልን አሳዩ። ጥቁር ሣጥን ከመናገሩ በፊት ብረት ተናገረ።

ብረቱ የተናገረውን መቅጃው በኋላ አጸናው። በግራ በኩል ያለው የአየር ማዕዘን ለኪ 74.5 ዲግሪ ሲል፣ የቀኙ 15.3 ይል ነበር። ኤምካስ የተባለው ሥርዓት በአንድ ለኪ ብቻ ተመርቶ የጅራቱን ክንፍ ደጋግሞ አዞረ፤ አፍንጫውን ደፋ። ካፒቴን ያሬድ ጌታቸውና ረዳት አብራሪው አሕመድኑር መሐመድ ሥርዓቱን ኤሌክትሪክ አቋርጠው በእጅ ሊመልሱት ሞከሩ፤ በዚያ ፍጥነት ግን መንኰራኵሩ በእጅ አልዞር አለ።

በእነዚያ ወራት በአሜሪካ ምክር ቤት ሳይቀር፣ በአሜሪካ የሠለጠነ አብራሪ ቢሆን ኖሮ አደጋውን ይወጣው ነበር የሚል ንግግር ተሰምቷል። የ1923ቱን ልማድ አስታወሳችሁን? ሰውን አንብቦ ብረትን አለማንበብ። ይህን ንግግር ቁጣ ብቻውን አይመልሰውም ነበር። የመለሰው ከቱሉ ፈራ አፈር የወጣው ብሎንና አቀማመጡ፣ ከዚያም የመቅጃው መስመሮች ናቸው። ማክስ ለ20 ወራት ያህል ከሰማይ ታግዶ፣ ሥርዓቱ ተለውጦ ተመለሰ።

ይሁንና ለሐቅ ስንል ታሪኩን እስከ መጨረሻው እንናገር። እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ የኢትዮጵያ የአውሮፕላን አደጋ ምርመራ ቢሮ የመጨረሻ ሪፖርቱን ሲያወጣ፣ የግራው ለኪ የተበላሸው ከምርት ጀምሮ በነበረ የኤሌክትሪክ ችግር ነው አለ። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ግን ለኪው በባዕድ አካል፣ ምናልባትም በወፍ፣ ተመትቶ ነው ሲል ተቃወመ፤ እርሱና የፈረንሳዩ ቢሮ የአብራሪዎቹ አያያዝም በሪፖርቱ በቂ ቦታ አላገኘም አሉ። በኤምካስ ጉዳይ ልዩነት የለም፤ ልዩነቱ በሰንሰለቱ የመጀመሪያ ቀለበት ላይ ነው። ወገኖቹም የሚከራከሩት በመቅጃው ላይ በተሳሉ መስመሮች ትርጓሜ እንጂ በእጅ ተይዞ በሚታይ ቁራጭ አይደለም። በመርፌው መዝገብ ላይ አንዲት ጫፍ ጎድላለች።

መደምደሚያ

ከጂፕሲ ሞዝ እስከ ቱሉ ፈራ ያለው ወደ ዘጠና ዓመት የሚጠጋ ታሪክ ለእኔ የሚለው አንድ ነገር ነው። በመጀመሪያው አደጋ ሰነዱ በእጃችን ነበር፤ አንባቢ ግን አልነበረም። በቤሩት አንባቢዎች ነበሩን፤ ሰነዱ በሌላ እጅ ነበር። በቱሉ ፈራ ሰነዱ በምድራችን ላይ ወደቀ፤ ምርመራውንም መራን፤ ለመቅጃው ንባብ ግን ወደ ፓሪስ ሄድን። ይህ የሚያሳፍር አይደለም፤ ብዙ አገሮችም ይህንኑ ያደርጋሉ። ይሁን እንጂ የሰነዱ ባለቤት የሆነ ሕዝብ ማንበቢያውን ሁልጊዜ ከጎረቤት ሊዋስ አይገባውም።

በዚህ አዳራሽ ከተቀመጣችሁ መካከል የብረታ ብረት ተማሪዎች አላችሁ፤ የታሪክም አላችሁ። የሁለታችሁ ትምህርት በአንድ መንገድ የሚገናኝ መሆኑን ካመናችሁልኝ ገለጻዬ ግቡን መትቷል። የብረቱ ተማሪ የስብራቱን ገጽ አጉልቶ የሚያይበት መሣሪያ፣ ዝለትን ከድንገተኛ ስብራት የሚለይበት ቤተ ሙከራ ያስፈልገዋል፤ ይህ ለአውሮፕላን ብቻ ሳይሆን ከዚህ ግቢ ውጭ ለሚያልፈው ባቡር አክስልም፣ በየፋብሪካው ለሚዞረው ዘንግም ያገለግላል። የታሪኩ ተማሪ ደግሞ የተለቀመው እንዲጠበቅ፣ የተጠበቀው እንዲመዘገብ፣ ሪፖርቱም በራሳችን ቋንቋ እንዲነበብ መጠየቅ ይገባዋል። ስለ ራሳችን አደጋዎች በአማርኛ የተጻፈ ጥናት ሊፈልግ የሚነሣ ተማሪ ዛሬ እጁ ላይ የሚያገኘው እጅግ ጥቂት ነው።

ይህን ግዴታ የምንሸከመው ለአየር መንገዳችን ክብር ብቻ አይደለም። ነገ ከዚህ ከድሬዳዋ አየር ማረፊያ ለሚሳፈሩት መንገደኞች ነው፤ የሚሳፈሩበት አውሮፕላን የተሠራበት ደንብ ቀድመው ከሞቱት ስብርባሪ የተጻፈ ነውና። በባዶ ሣጥን ፊት የቆሙት ቤተሰቦች የጠየቁት፣ ምን ሆነ? የሚል አጭር ጥያቄ ነበር። ለዚያ ጥያቄ መልስ የሚገኘው አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ፣ በትዕግሥት፣ የጎደለውን ቁራጭ ሲፈልግ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።